ሌ ኮርቡዚዬ

ሌ ኮርቡዚዬ (የልደት ስሙ ሻርል ኤድዋር ዣንሬ፤ ኦክቶበር 6 ቀን 1887 – ኦገስት 27 ቀን 1965 እ.ኤ.አ.) በስዊዘርላንድ ተወልዶ በኋላ የፈረንሳይ ዜግነት ያገኘ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ፣ የከተማ ፕላን አውጪ፣ ሠዓሊና ጸሐፊ ነበር። ከዘመናዊ ሥነ ሕንፃ መሥራቾች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ሥራዎቹ በአውሮፓ፣ በእስያ፣ በደቡብና በሰሜን አሜሪካ ይገኛሉ።

ብዙውን ጊዜ ስሙ የሚነሣው ከትልልቅ ሕንፃዎችና ከሰፋፊ የከተማ ፕላኖች ጋር ነው። ሆኖም ከወጣትነቱ እስከ ሞቱ ድረስ ደጋግሞ የተመለሰበት ጥያቄ ስለ ትንሽ ቤት ነበር፦ በተጨናነቀ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ በክብር ለመኖር ምን ያህል ቦታ ይበቃዋል? ቤቱ ውስጥ የማይገባውስ ነገር የት ይቀመጣል? ዛሬ «ስቱዲዮ» የሚባለው ባለ አንድ ክፍል መኖሪያ ሲታቀድ የሚነሡት ብዙዎቹ ሐሳቦች በእሱ ሥራ ውስጥ ተፈትነዋል፤ ከፊሎቹ ሠርተዋል፣ ከፊሎቹ ከሽፈዋል።

በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሻርል ኤድዋር የተወለደው በስዊዘርላንድ የዩራ ተራሮች ውስጥ በምትገኘው ላ ሾ ደ ፎን ከተማ ነው። ከተማዋ የምትተዳደረው በሰዓት ሥራ ነበር። አባቱ የሰዓት ገጾችን በኢናሜል ቀለም የሚያስጌጥ ባለሙያ ሲሆን፣ እናቱ ደግሞ የፒያኖ አስተማሪ ነበረች። ታላቅ ወንድሙ አልበርት ሙዚቀኛ ሆነ።

እሱም በከተማዋ የጥበብ ትምህርት ቤት የሰዓት ቀፎ መቅረጽ ተማረ። መምህሩ ሻርል ሌፕላትኒዬ ግን ወደ ሥነ ሕንፃ ገፋፋው፤ የዓይኑ ደካማነትም ለጥቃቅን ቅርጽ ሥራ የሚመች አልነበረም። በመደበኛ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረም። ሙያውን የቀሰመው በጉዞ፣ በንባብና በታላላቅ ባለሙያዎች ቢሮ ተቀጥሮ በመሥራት ነው። ከ1908 እስከ 1909 በፓሪስ በኦጉስት ፔሬ ቢሮ ሠርቶ የአርማታ አሠራርን ተማረ። ከ1910 እስከ 1911 ደግሞ በጀርመን በፔተር ቤረንስ ቢሮ ሠርቶ የፋብሪካ ምርትና የሕንፃ ሥራ እንዴት እንደሚገናኙ ተመለከተ።

የኤማ ገዳም

በ1907 ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው ወደ ጣሊያን ተጓዘ። በፍሎረንስ አቅራቢያ ያለውን የካርቱዚያን መነኮሳት የኤማ ገዳም ያየው በዚህ ጉዞ ነው። ገዳሙን በ1911 ከባልካንና ከቱርክ ጉዞው ሲመለስ ዳግመኛ ጎበኘው።

በኤማ እያንዳንዱ መነኩሴ የራሱ በዓት አለው። በዓቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የራሱ ትንሽ የአትክልት ቦታና ወደ ሸለቆው የሚያሳይ ክፍት እይታ አለው። ጸሎት ቤቱ፣ መመገቢያ አዳራሹና የተከለለው መተላለፊያ ደግሞ የማኅበሩ የጋራ ንብረት ናቸው። መነኩሴው ብቻውን መሆን ሲፈልግ በሩን ይዘጋል፤ ከሰው ጋር መሆን ሲኖርበት ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ይወጣል።

ወጣቱ ዣንሬ ከዚህ የወሰደው ትምህርት ቀላል ነበር። የግል ክፍል ሊያንስ ይችላል፤ የሚያንሰው ግን ብርሃን፣ አየር፣ ጸጥታና የጋራ አገልግሎት ከጎኑ ሲኖሩት ነው። ከዚያ በኋላ በነደፋቸው የመኖሪያ ሕንፃዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ይህ ሐሳብ በአንድ ወይም በሌላ መልክ ይታያል።

ፓሪስና የመኖሪያ ቤት እጥረት

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር በቤልጅየምና በሰሜን ፈረንሳይ ብዙ ቤቶች ፈረሱ። ዣንሬ በ1914 «ዶም ኢኖ» የተባለ የግንባታ ሥርዓት ነደፈ። ሥርዓቱ በጥቂት የአርማታ ምሰሶዎች የተሸከሙ ሶሌታዎችና አንድ ደረጃ ብቻ ነበሩት። ክብደቱን የሚሸከሙት ምሰሶዎቹ ስለሆኑ ግድግዳ በፈለጉት ቦታ ሊቆም፣ ሊነሣ ወይም ጨርሶ ሊቀር ይችላል። በጊዜው ገዢ ባያገኝም፣ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚታየው የምሰሶና የሶሌታ አሠራር ከዚሁ ሐሳብ ጋር የተዛመደ ነው። ለትንሽ ቤት ያለው ጥቅም ግልጽ ነበር፤ ወፍራም ግድግዳ የሚወስደው ቦታ ለነዋሪው ይተርፋል።

በ1917 ኑሮውን ወደ ፓሪስ አዛወረ። ከሠዓሊው አሜዴ ኦዛንፋን ጋር ተወዳጅቶ «ፑሪዝም» የተባለውን የሥዕል ስልት መሠረተ። በ1920 «አዲሱ መንፈስ» የተሰኘ መጽሔት ማዘጋጀት ጀመሩ። «ሌ ኮርቡዚዬ» የሚለውን የብዕር ስም መጠቀም የጀመረውም በዚህ መጽሔት ላይ ነው፤ ስሙ ከቅድመ አያቶቹ የአንዱን የቤተሰብ ስም በማሻሻል የተገኘ ነው። በ1922 ከአጎቱ ልጅ ከፒየር ዣንሬ ጋር ቢሮ ከፈተ። በ1923 የታተመው የሥነ ሕንፃ መጽሐፉ ቤትም እንደ መኪና፣ እንደ መርከብና እንደ አውሮፕላን አገልግሎቱ ታስቦበት መሠራት እንዳለበት ተከራከረ።

በዚያን ጊዜ ፓሪስ በቤት እጥረት ትሠቃይ ነበር። የከተማው አስተዳደር ሳንባ ነቀርሳ የሚበዛባቸውን 17 ሠፈሮች ለጤና አደገኛ ብሎ መዝግቦ ነበር። በእነዚህ ሠፈሮች ብዙ ቤተሰብ ፀሐይ በማይገባበት አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቆ ይኖር ነበር። ስለዚህ ሌ ኮርቡዚዬ ስለ ብርሃንና አየር ሲጽፍ የሚናገረው ስለ ውበት ብቻ አልነበረም። የጥበቱ ጉዳይ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር።

መልሱን በ1922 በፓሪስ ኤግዚቢሽን አቀረበ። ንድፉ 120 ቤቶችን እርስ በርስ ደርቦ የያዘ ሕንፃ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቤት ባለ ሁለት ፎቅና የራሱ የአትክልት በረንዳ ያለው ነበር። የጋራ አገልግሎቶች ደግሞ በሕንፃው ውስጥ ተካተዋል። የኤማ ገዳም በከተማ መሬት ላይ ወደ ላይ የተሠራ ይመስላል። ሕንፃው አልተሠራም፤ ነገር ግን በ1925 በፓሪስ በተካሄደው የጌጣጌጥ ጥበብ ኤግዚቢሽን ላይ ከ120ዎቹ ቤቶች አንዱ በሙሉ መጠኑ ተሠርቶ ለሕዝብ ታየ። በግቢው የነበረው ዛፍ እንዳይቆረጥ በጣሪያው ላይ ክብ ቀዳዳ ተተወለት።

በዚያው ኤግዚቢሽን ያሳየው ሌላው ሥራ ግን እስከ ዛሬ ያስወቅሰዋል። «ፕላን ቯዛን» በተባለው በዚህ ንድፍ ከሴን ወንዝ በስተሰሜን ያለው የፓሪስ አሮጌ ክፍል በአብዛኛው እንዲፈርስና በቦታው 18 ባለ 60 ፎቅ ሕንፃዎች እንዲቆሙ ሐሳብ አቀረበ። ለአንድ ክፍል ስፋት የሚጨነቀው ባለሙያ፣ በአንድ ሙሉ ሠፈር የሚኖሩ ሰዎችን ፈቃድ ሳይጠይቅ የሚኖሩበትን ከተማ በወረቀት ላይ አፈረሰ።

ትንሹ ቤት፣ ፔሳክና ሽቱትጋርት

ከ1923 እስከ 1924 ለወላጆቹ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር በኮርሶ መንደር አንድ ቤት ሠራ። ቤቱ 16 ሜትር ርዝመትና 4 ሜትር ወርድ ብቻ ያለው፣ ባለ አንድ ወለል ነው። በሐይቁ በኩል 11 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ መስኮት አለው። ክፍሎቹ ቀኑን ሙሉ በአንድ ዙሪያ መንገድ የተያያዙ ስለሆኑና እይታው እስከ ተራሮቹ ስለሚዘረጋ ቤቱ ከመጠኑ የሰፋ ሆኖ ይታያል። አባቱ ቤቱ ከተጠናቀቀ ብዙም ሳይቆይ አረፈ፤ እናቱ ግን በ1960 እስከ ሞተችበት ጊዜ ድረስ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ኖረችበት።

በዚያው ዘመን በቦርዶ አቅራቢያ በፔሳክ፣ አንሪ ፍሩዤስ ለተባለ የስኳር ፋብሪካ ባለቤት 50 ያህል የሠራተኛ ቤቶች ሠራ። ነዋሪዎቹ ከጊዜ በኋላ ረጃጅሞቹን መስኮቶች አጠበቡ፣ ክፍት በረንዳዎቹን ዘጉ፣ በጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ ክዳን ጨመሩ። ለብዙ ዓመታት ይህ የንድፉ ውድቀት ማስረጃ ተደርጎ ታየ። በኋላ ግን የቤቱ አጽም ይህን ሁሉ ለውጥ መቻሉ ራሱ ጥቅም ነው የሚሉ ተመራማሪዎች ተነሡ።

በ1927 በጀርመን ሽቱትጋርት ከተማ በተካሄደው የቤቶች ኤግዚቢሽን ላይ ሁለት ቤቶችን አቀረበ። አንደኛው መንታ ቤት የባቡር መኝታ ክፍልን አስመስሎ የተሠራ ነበር። ቀን ቀን አልጋዎቹ በአርማታ ቁም ሳጥን ሥር ተገፍተው ይገቡና ቦታው ሰፊ ሳሎን ይሆናል፤ ማታ ማታ ተንሸራታች ግድግዳዎች ተጎትተው ሳሎኑ ወደ መኝታ ክፍሎች ይከፈላል። የመተላለፊያው ኮሪደርም እንደ ባቡር ጠባብ ነበር። አንድን ቦታ በቀንና በሌሊት ለሁለት አገልግሎት ማዋል ዛሬ በትንንሽ ስቱዲዮዎች የተለመደ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ግን ብዙ ጎብኚዎችን አስደንግጧል።

ሻርሎት ፔሪያንና የቤት ዕቃ

በ1927 ሻርሎት ፔሪያን የተባለች ወጣት የቤት ዕቃ ንድፍ ባለሙያ ሥራ ለመጠየቅ ወደ ቢሮው መጣች። በመጀመሪያ በማንቋሸሽ መለሳት። ጥቂት ቆይቶ በኤግዚቢሽን ያቀረበችውን ሥራ ሲያይ ግን ሐሳቡን ቀይሮ ቀጠራት። በ1929 ሌ ኮርቡዚዬ፣ ፒየር ዣንሬና ፔሪያን በአንድነት አንድ የመኖሪያ ክፍል ከነሙሉ ዕቃው ለሕዝብ አሳዩ። በዚህ ክፍል ተነጥለው የቆሙ ትልልቅ ቁም ሳጥኖች አልነበሩም። በመጠናቸው እርስ በርስ የሚገጣጠሙ መደርደሪያዎች ግድግዳ ሆነው ክፍሉን ይከፍሉ ነበር። ከእነሱ ውጭ የሚቀረው ወንበርና ጠረጴዛ ብቻ ነው።

በስሙ የሚታወቁት የብረት ቱቦ ወንበሮች የሦስቱ የጋራ ሥራ ናቸው። የፔሪያን ድርሻ ለረጅም ጊዜ ተሸፍኖ ቆይቶ ተገቢውን እውቅና ያገኘው ዘግይቶ ነው።

14 ካሬ ሜትር

በ1928 የዘመናዊ ሥነ ሕንፃ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ፣ በምኅጻሩ «ሲያም»፣ በስዊዘርላንድ ሲቋቋም ሌ ኮርቡዚዬ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። በ1929 በፍራንክፈርት የተካሄደው ሁለተኛው ጉባኤ ርዕስ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የሚሆን አነስተኛ መኖሪያ ነበር። ተሰብሳቢዎቹ ከተለያዩ ከተሞች የመጡ የትንንሽ ቤቶች ፕላኖችን በአንድ መጠን አስነሥተው አወዳደሩ። ሌ ኮርቡዚዬ በዚያን ጊዜ ደቡብ አሜሪካ ስለነበረ ሐሳባቸውን ያቀረበው ፒየር ዣንሬ ነው።

በ1935 በታተመው «ብሩህ ከተማ» በተሰኘው መጽሐፉ ለአንድ ሰው 14 ካሬ ሜትር የመኖሪያ ቦታ መሠረት እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ቁጥሩ ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል በጨለማ ክፍል ለታጨቁ ቤተሰቦች ከዚያ በታች መውረድ አይገባም የሚል መከላከያ ነው። በሌላ በኩል ግን ለሁሉም ሰው በአንድ ልክ የተቆረጠ ልብስ ነው። 14 ካሬ ሜትሩ ብቻውን ቆሞ የታሰበ አልነበረም። ከሕንፃው ሥር ሰፊ መናፈሻ፣ በሕንፃው ውስጥ የሕፃናት ማቆያና የጋራ አገልግሎት እንዲኖሩ በዚያው ፕላን ላይ ተነድፈዋል። በኋላ ሐሳቡን የቀዱ ብዙ ገንቢዎች ቁጥሩን ወስደው የቀረውን ትተውታል።

የመጠለያ ከተማ በፓሪስ

ሐሳቡን በተግባር ለመፈተን ዕድል ከሰጡት ሥራዎች አንዱ «ድኅነት ሠራዊት» ለተባለው የክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት በፓሪስ የሠራውና በ1933 የተከፈተው የመጠለያ ሕንፃ ነው። ሕንፃው ቤት አልባ ሰዎችና ልጆች የያዙ እናቶች የሚያርፉበት ሲሆን፣ የመኝታ ክፍሎች፣ መመገቢያና የሕፃናት ማቆያ ነበሩት። በደቡብ በኩል ያለው ፊቱ ሙሉ በሙሉ የማይከፈት መስታወት ነበር። የውስጡን አየር በመሣሪያ ለማሞቅና ለማቀዝቀዝ ቢታሰብም፣ በገንዘብ እጥረት ማቀዝቀዣው አልተገጠመም። ክረምቱ ደህና አለፈ፤ በጋው ሲመጣ ግን ክፍሎቹ እንደ ምድጃ ጋሉ። ሌ ኮርቡዚዬ ለረጅም ጊዜ ቢከራከርም፣ በመጨረሻ የሚከፈቱ መስኮቶች እንዲገቡ ግድ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ ሕንፃው ሲታደስ ፀሐይ መከላከያ ተጨመረለት። ከዚያ ወዲህ በሠራቸው ሕንፃዎች ጥላ የሚጥሉ የአርማታ መከላከያዎች መለያው ሆኑ።

በዚያው ዓመት በፓሪስ የዩኒቨርሲቲ መንደር ለስዊዘርላንድ ተማሪዎች የሠራው ማደሪያም ተከፈተ። ሕንፃው በምሰሶዎች ላይ የቆመ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ተማሪ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ቁም ሳጥንና ትልቅ መስኮት ያለው ትንሽ ክፍል ይደርሰዋል።

ሌ ኮርቡዚዬ በ1930 ኢቮን ጋሊስን አገባ፤ የፈረንሳይ ዜግነት ያገኘውም በዚያው ዓመት ነው። በ1934 ባልና ሚስቱ እሱ ራሱ በምዕራብ ፓሪስ ወደ ሠራው አፓርታማ ሕንፃ የላይኛው ክፍል ተዛወሩ። ሰፊ የሥዕል ክፍልና የጣሪያ አትክልት የነበረው ይህ መኖሪያ ለሌሎች ካሰበው ልክ እጅግ የላቀ ነበር።

የአዲስ አበባ ንድፍ

ሌ ኮርቡዚዬ ትልቅ ሥራ ለማግኘት ሲል ከማንኛውም መንግሥት ጋር ለመሥራት ፈቃደኛ ነበር። ለሶቪየት ኅብረትም፣ በቅኝ ግዛት ለነበረችው አልጄርስም ፕላን አውጥቷል። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር በሜይ 1936 አዲስ አበባን ሲይዝ፣ በዚያው ዓመት ለከተማዋ አዲስ ንድፍ ሥሎ ለሙሶሊኒ ላከ። ኢትዮጵያን አይቷት አያውቅም።

በንድፉ ላይ ሰፊና ቀጥ ያለ አውራ ጎዳና ከተማዋን ይሰነጥቃል። የነበሩት ሠፈሮች፣ ገበያዎችና በየኮረብታው የተመሠረቱ መንደሮች ከቁጥር አልገቡም፤ ቦታው ባዶ ሜዳ ይመስል ነበር። ለጣሊያኖችና ለኢትዮጵያውያን የተለያየ መኖሪያም ታስቦ ነበር። ንድፉ ተቀባይነት አላገኘም። የፋሺስቱ አስተዳደር ሥራውን ለጣሊያኖቹ ለኢኛሲዮ ጉዊዲና ለቼዛሬ ቫሌ ሰጠ። የእነሱም ፕላን በዘር መለያየት ላይ የቆመ ሲሆን፣ ወረራው በ1941 ሲያበቃ አብዛኛው ሳይሠራ ቀርቷል።

ፈረንሳይ በናዚ ጀርመን ከተሸነፈች በኋላም ሌ ኮርቡዚዬ ከ1941 እስከ 1942 አጋማሽ በቪሺ ከተማ ተቀምጦ ከናዚ ጋር ከተባበረው መንግሥት ሥራ ለማግኘት ሞክሯል፤ አልተሳካለትም። ይህ የሕይወቱ ክፍል ከቅርብ አሥርተ ዓመታት ወዲህ በተመራማሪዎች ዘንድ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል።

ሞዱሎርና የማርሴይ ሕንፃ

በጦርነቱ ዓመታት «ሞዱሎር» የተባለ የመጠን መለኪያ ማዘጋጀት ጀመረ። መለኪያው ቁመቱ 1.83 ሜትር በሆነ ሰው ላይ የተመሠረተ ነው። ይህ ሰው እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ 2.26 ሜትር ይደርሳል፤ ይህም የአንድ ክፍል ዝቅተኛ ከፍታ ሆኖ ተወሰደ። የወንበር፣ የጠረጴዛ፣ የመስኮትና የበር ልክም ከዚሁ ሰው አካል ይወጣል። ለጠባብ ቤት እያንዳንዱ ሴንቲሜትር ስለሚቆጠር መለኪያው ጠቃሚ ነበር። ተቺዎች ግን ሴቶች፣ ሕፃናትና አጫጭር ሰዎች በዚህ ልክ ውስጥ የሉም ሲሉ ነቅፈውታል።

ከጦርነቱ በኋላ የፈረንሳይ የመልሶ ግንባታ ሚኒስቴር በማርሴይ ትልቅ የመኖሪያ ሕንፃ እንዲሠራ አዘዘው። ሥራው በኦክቶበር 1947 ተጀምሮ በኦክቶበር 1952 ተመረቀ። ሕንፃው 56 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ 23 ዓይነት ያላቸው 337 አፓርታማዎችን ይዟል። ለብቻው ከሚኖር ሰው ስቱዲዮ ጀምሮ ብዙ ልጆች ላሉት ቤተሰብ የሚሆኑ ቤቶች አሉት። በአጠቃላይ 1,600 ያህል ሰዎች እንዲኖሩበት ታስቦ የተሠራ ነው።

የተለመደው አፓርታማ ወርዱ 3.66 ሜትር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ከሕንፃው አንድ ጎን እስከ ሌላው ስለሚዘልቅ ጠዋት በምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ በምዕራብ ፀሐይ ይገባዋል። ቤቱ ባለ ሁለት ፎቅ ሲሆን፣ ሳሎኑ የሁለቱን ፎቅ ከፍታ ያህል ከፍ ብሎ ጥበቱን ይሸፍናል። አፓርታማዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ኮሪደር ዙሪያ ተቆላልፈው ስለተሠሩ ኮሪደር የሚያስፈልገው በየሦስት ፎቁ ነው፤ በዚህም ብዙ ቦታ ተርፏል። የልጆች ክፍሎች 1.83 ሜትር ወርድ ያላቸው ጠባብ ክፍሎች ናቸው። ሁለቱን የሚለያቸው ተንሸራታች ግድግዳ ጥቁር ሰሌዳ ሆኖ ያገለግላል፤ ሲከፈት ልጆቹ የጋራ መጫወቻ ያገኛሉ። ፔሪያን የተሳተፈችበት ወጥ ቤት ወደ ሳሎኑ ክፍት ስለሆነ ምግብ የሚያበስለው ሰው ከቤተሰቡ አይነጠልም።

በቤቱ ውስጥ ያልገባው ሁሉ በሕንፃው ውስጥ ቦታ ተሰጠው። በመካከለኞቹ ፎቆች ላይ ሱቆች ተዘጋጁ። በጣሪያው ላይ መዋዕለ ሕፃናት፣ ጥልቀት የሌለው የልጆች መዋኛ ገንዳ፣ የስፖርት ክፍልና የሩጫ መንገድ ተሠሩ። ግንባታው በተራዘመበት ጊዜ የከተማው ሰዎች ሕንፃውን የእብድ ቤት እያሉ ይሳለቁበት ነበር፤ በፍርድ ቤት የከሰሱትም ነበሩ። ዛሬ ቤቶቹ ተፈላጊ ናቸው። ሱቆቹ ግን እንደታሰበው አልሠሩም፤ የሕንፃው ነዋሪዎች ብቻቸውን ለብዙ ሱቅ የሚበቃ ገበያ አልሆኑም።

ተመሳሳይ ሕንፃዎች በሬዜ፣ በበርሊን፣ በብሪዬና በፊርሚኒ ተሠርተዋል።

ቻንዲጋርና ላ ቱሬት

ከ1951 ጀምሮ በሕንድ የፑንጃብ ግዛት አዲስ ዋና ከተማ በሆነችው በቻንዲጋር ፕላን ላይ ሠራ። እሱ በዋናነት የመንግሥት ሕንፃዎቹን ሲነድፍ፣ ለዝቅተኛ ሠራተኞች የሚሆኑትን አነስተኛ ቤቶች ጨምሮ አብዛኛውን የመኖሪያ ቤት ሥራ ያከናወኑት ፒየር ዣንሬ፣ ማክስዌል ፍራይና ጄን ድሩ ከሕንዳውያን ባለሙያዎች ጋር ሆነው ነው።

በፈረንሳይ በሊዮን አቅራቢያ ለዶሚኒካን መነኮሳት የሠራው የላ ቱሬት ገዳም ደግሞ በ1960 ተጠናቀቀ። እዚህ በወጣትነቱ ወደ ገረመው ወደ ኤማ በዓት ተመለሰ። በገዳሙ 100 ያህል ክፍሎች አሉ። እያንዳንዱ 1.83 ሜትር ወርድ፣ 5.92 ሜትር ርዝመትና 2.26 ሜትር ከፍታ አለው፤ ስፋቱ 11 ካሬ ሜትር አይሞላም። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ የእጅ መታጠቢያና ወደ ጫካው የሚያሳይ በረንዳ አለው። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ቤተ መጻሕፍቱና መመገቢያው የጋራ ናቸው።

ካባኖን

ለራሱ የሠራው ትንሹ ቤት «ካባኖን» ይባላል። በደቡብ ፈረንሳይ በሜዲትራንያን ባሕር ዳር በሮክብሩን ካፕ ማርታን ይገኛል። አካባቢውን ያወቀው በ1930ዎቹ፣ ኢሊን ግሬይ የተባለችው የሥነ ሕንፃ ባለሙያ በሠራችው ቤት በእንግድነት ሲያርፍ ነው። በዚያ ቤት ግድግዳዎች ላይ ያለ ግሬይ ፈቃድ ትልልቅ ሥዕሎችን ሥሏል፤ እሷም በዚህ እጅግ አዝናለች።

የካባኖንን ንድፍ በ1951 መጨረሻ በባሕር ዳሩ ምግብ ቤት ተቀምጦ በአጭር ጊዜ ሣለው። ለባለቤቱ ለኢቮን የልደት ስጦታ ነበር። የእንጨት ክፍሎቹ በኮርሲካ ደሴት በአናጢ ተዘጋጅተው በ1952 በቦታው ተገጣጠሙ። ቤቱ በሁለት ጎን 3.66 ሜትር፣ በከፍታ 2.26 ሜትር የሆነ አንድ ክፍል ነው። ስፋቱ 13.4 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለአንድ ሰው ይበቃል ካለው 14 ካሬ ሜትር ጋር ይቀራረባል። በውስጡ አልጋዎች፣ ጠረጴዛ፣ ቁም ሳጥኖች፣ የእጅ መታጠቢያና በመጋረጃ የተከለለ ሽንት ቤት አለ። በመስኮት መዝጊያዎቹ ላይ የተለጠፉት መስታወቶች ባሕሩንና ዛፎቹን ወደ ክፍሉ ያስገባሉ።

ወጥ ቤት ግን የለውም። ባልና ሚስቱ የሚመገቡት ከጎናቸው ባለው ምግብ ቤት ሲሆን፣ ከካባኖን ወደዚያ በቀጥታ የሚያስገባ በር ነበር። ገላውን የሚታጠበው ውጭ ነበር፤ ለሥራም ከቤቱ አጠገብ ሌላ ትንሽ የእንጨት ክፍል አቁሞ ነበር። ፊት ለፊቱ ደግሞ ባሕሩ አለ። በ13 ካሬ ሜትር መኖር የተቻለው ምግብ ቤቱ፣ የሥራ ክፍሉና ባሕሩ ከበሩ ውጭ ስለነበሩ ነው።

የመጨረሻ ዓመታትና ሞት

ኢቮን በ1957 አረፈች። እናቱ ደግሞ በ1960 መቶ ዓመት ሊሞላት ወይም እንደ ቤተሰቡ አቆጣጠር ሞልቷት ዐረፈች። ከዚያ በኋላ በጋውን በካባኖን ብቻውን ያሳልፍ ነበር። ኦገስት 27 ቀን 1965 ከቤቱ ሥር ባለው ባሕር ሲዋኝ በ77 ዓመቱ ሞተ፤ የሞቱ ምክንያት የልብ ሕመም እንደሆነ ይታመናል። የፈረንሳይ መንግሥት በሉቭር ቤተ መንግሥት ግቢ የክብር ሽኝት አደረገለት፤ የስንብት ንግግሩን ያደረገው የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ ነበር። የተቀበረው ራሱ በነደፈው መቃብር በሮክብሩን ከኢቮን ጎን ነው።

ትችትና ቅርስ

ከ1950ዎቹ ጀምሮ በፈረንሳይ ከተሞች ዳርቻና በሌሎች አገሮች ትልልቅ የመኖሪያ ሕንፃዎች በብዛት ተሠሩ። ብዙዎቹ ከማርሴይ ሕንፃ ቅርጹንና ጥበቱን ሲወስዱ፣ የሁለት ወገን ፀሐዩን፣ መዋዕለ ሕፃናቱንና የጣሪያውን መናፈሻ አልወሰዱም። በእነዚህ ቦታዎች ለደረሰው ብቸኝነትና መገለል ሌ ኮርቡዚዬ በስሙ ይወቀሳል። ሌሎች ደግሞ የጥገና ገንዘብ መጥፋትን፣ ሥራ አጥነትንና የመንግሥት ፖሊሲን በምክንያትነት ያስቀድማሉ። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ነዋሪውን ሳይጠይቁ የኑሮውን ልክ መወሰን አደገኛ ነው።

የትንሽ ክፍል ሐሳቡ በሌሎች እጅ ቀጥሏል። በቶኪዮ ኪሾ ኩሮካዋ የነደፈውና በ1972 የተጠናቀቀው የናካጊን ሕንፃ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው 140 ክፍሎች ነበሩት። ክፍሎቹ እየተነቀሉ እንዲተኩ ቢታሰብም አንድም ሳይተካ ሕንፃው አርጅቶ በ2022 ፈርሷል።

በፈቃዱ መሠረት ሥዕሎቹን፣ ንድፎቹንና ጽሑፎቹን የሚጠብቅ ድርጅት በ1968 በፓሪስ ተቋቋመ። በ2016 ዩኔስኮ በ7 አገሮች የሚገኙ 17 ሥራዎቹን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ከእነዚህ መካከል የቻንዲጋር የመንግሥት ሕንፃዎች፣ የማርሴይ ሕንፃ፣ የላ ቱሬት ገዳም፣ የፔሳክ ሠፈር፣ ለወላጆቹ የሠራው የሐይቅ ዳር ቤትና ካባኖን ይገኛሉ።